የግራ ኪስ አረንጓዴ ክር

ይህ ታሪክ ከክሩ እስከ ቁልፉ እውነት ነው። ክርስቲያን ለሆነ በቅዱስ ሚካኤል፣ እስላም ለሆነ ወላሂ ብዬ ምያለሁ። ሁለቱም መሐላ የማይበቃው ሰው ካለ ፍኖተ ሰላም ገበያ ድረስ ይምጣና በረንዳውን ይይ። ሁለቱም የስፌት መኪናዎች እዚያው ናቸው፣ ምስማሩ እዚያው ነው፣ ጥቁሩ ሱሪም ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ከባለቤቱ ሌላ ሰው ሲጠብቅ ያገኘዋል።

በረንዳው የመሐመድአወል ነው። መሐመድአወል ልብስ ሰፊ ነው፤ አባቱም ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ አያቱ ደግሞ ሸማኔ። እሱ የሰፋው ልብስ አያልቅም። የጅጋው ገበሬ አያ ክንዱ በጎረምሳነቱ ያሰፋት አረንጓዴ ቁምጣ አራት ጥማድ በሬ አርጅቶባታል፤ ሞፈር ተሰብሯል፣ ቀንበር ተቀይሯል፣ እሷ ግን አሁንም እርሻ ትወጣለች። ደምበጫ በኩል ደግሞ አንድ ሰው የመሐመድአወልን ሥራ፣ አሮጌ ኮቱን፣ ለወፍ ማስፈራሪያ በቆሎ ማሳው መካከል አቁሞት ነበር አሉ። ወፎቹ ስፌቱን ሲያዩ ባለቤቱ ራሱ የቆመ መስሏቸው ክንፋቸውን ሰብሰብ አድርገው «እንዴት አደሩ» እያሉ ያልፉ ነበር። ይህን በዓይኔ አላየሁም፤ የነገሩኝ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

ምስጢሩ ሌላ አይደለም፣ የቤቱ ደንብ ነው። መሐመድአወል አንድ ልብስ ሰፍቶ ሲጨርስ የግራውን ኪስ ይገለብጥና ከታች፣ ሰው የማያየው ቦታ ላይ፣ በአረንጓዴ ክር ሦስት አጫጭር ስፌት በእጁ ይሰፋል። ይህ ምልክት ያለበት ልብስ ሲቀደድ ይመጣል፤ ይጠገናል፤ ዋጋ የለውም። ባለቤቱ ቢሞት ለልጁ ይጠገናል፣ ልጁ ቢሸጠው ለገዛው ይጠገናል፣ ጨርቁ ክር መያዝ እስኪያቅተው ድረስ። ስለዚህ መሐመድአወል ዛሬ ቢያጭበረብር ነገ የሚደክመው ራሱ ነው። ስፌቱን ይደጋግማል። ባለቤቱ ሲወፍር የሚፈታ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ በውስጥ በኩል ይተዋል። ኮሌታ ሲበላ ፈትቶ ይገለብጠዋል፤ የተበላው ወደ ውስጥ፣ ደህናው ወደ ውጭ። አባቱ ሊያርፉ ሲሉ የተናዘዙት ስለ ቤትም ስለ ከብትም አልነበረም። «ምልክታችንን አይቶ ‘አላውቀውም’ ያለ፣ ልጄ አይደለም» ነው ያሉት።

ከሁለቱ መኪናዎች አንደኛው የልጁ የራጂያ ነው። ራጂያ ግራኝ ናት። ሕፃን ሆና መርፌ ሲያስይዛት በግራ እጇ ያዘች፤ ወደ ቀኝ ቢያዞርባት ተመልሳ በግራ። ስለዚህ ሦስተኛዋ ስፌቷ ሁልጊዜ ወደ ግራ ዘመም ትላለች፤ የአባቷ ደግሞ ወደ ቀኝ። «ቀጥ አድርጊያት!» ይላት ነበር። እናቷ ዓቢዳ ግን «ተዋት የራጂያ አባት፤ የማን እጅ እንደሆነ ይታወቅ» ብላ አስተወችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መኪናዎች አሥር ዓመት ጎን ለጎን ትር ትር ሲሉ ኖሩ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ካቆሙ ምሳ ደርሷል ማለት ነው።

ያጣላቸው ሰልባጅ ነው።

የባሕር ማዶ ሰው ለብሶ የጣለው ልብስ በቦንዳ ታስሮ መጥቶ ቡሬ ገበያ ላይ ሲራገፍ፣ የፍኖተ ሰላም ወጣት ሁሉ ወደ ቡሬ ተራገፈ። እዚያ ወንዳወቅ የሚባል ነጋዴ አለ። ቦንዳ የከፈተ ቀን የሰዉ ግፊያ ለንግሥ ታቦት እንደ ወጣ ነው። አጭሩ ረጅም ይገዛል፣ ቀጭኑ ሰፊ ይገዛል፣ አንዳንዱም ጉልበቱ ላይ ሆን ተብሎ የተቀደደ ሱሪ ይገዛል። መሐመድአወል ሆን ተብሎ የተቀደደውን ያየ ቀን እስከ ዙህር ሰላት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።

«አባ፣ ሰዉ ሰልባጁን የሚያጠብለት፣ የሚያሳጥርለት ነው የሚፈልግ» አለችው ራጂያ አንድ ቅዳሜ። «አዲስ ለማሰፋት አቅም የለውም። እኛ እናስተካክልለት።»

«የማላውቀው ሰው የጣለውን?»

«የጣለውን ነዋ! ቡሬ ከገበያው ጀርባ ያልተሸጠው ሲቃጠል አላዩም? ጭሱ እኮ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ከሚቃጠል፣ ሰው ቢለብሰው ምን አለበት?»

«ልብስ ማለት ሰፊው የታወቀ ነው። ይሄ አባት የለውም። ማን እንደሰፋው አይታወቅ፣ ሲቀደድ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅ። በእኔ መርፌ ሥር ሰልባጅ ያለፈ ቀን ይህ እጄ ይቆረጥ!»

«እንግዲያው ምልክትዎን የሚያውቅ ሰው አልቆ ብቻዎን ሲቀሩ ከመኪናው ጋር ይጫወቱ።»

ይህን ማለት አልነበረባትም። እሱም የመለሰላትን ማለት አልነበረበትም።

«ሂጂ ታዲያ!» አላት። «ሂጂና አባት ለሌለው ልብስ አባት ሁኚለት!»

በወሩ ሄደች። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ከሚያስኬድ አገር፣ ልብስ እየሰፋ ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ሴቶች ይመዘግብ ነበርና ተመዘገበች። እዚያ አንድ ሰው አንድ ሙሉ ልብስ አይሰፋም። አንዷ ዚፕ ብቻ፣ አንዷ የቀበቶ ማስገቢያ ብቻ፣ አንዷ የእግር ጫፍ ብቻ። ለራጂያ የደረሳት የግራ ኪስ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ የግራ ኪስ።

አባትየው መኪናዋን በነጠላ ሸፈናት። ማንም አልተቀመጠባትም።

ሁልጊዜ ዓርብ፣ ኔትወርክ ካለ፣ ራጂያ ትደውላለች። ዓቢዳ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ በረንዳው ላይ፣ ከባሏ መኪና አጠገብ ትቀመጣለች። በመካከላቸው ማንም ያላዘዘው ደንብ ነበር። ራጂያ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ምግቡም ደህና ነው፣ መኝታውም ደህና ነው» ትላለች። ዓቢዳ «አባትሽ ሰላም ብሎሻል» ብላ ትዋሻለች። ራጂያ «ሰላም በዪልኝ» ትላለች። መሐመድአወል ይህ ሁሉ ሲሆን ፔዳሉን ይረግጣል። መኪናው ትርርር ይላል። ከመርፌው ሥር ግን ጨርቅ የለም።

እንዲህ ሦስት ዓመት አለፈ።

በሦስተኛው ዓመት ማለቂያ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ አያ ክንዱ ከጅጋ መጣ። ላዩ ላይ ያችው ቁምጣ፣ ብብቱ ሥር ደግሞ አንድ ግራጫ ሱሪ። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም፣ በደብሩ ቅኔ የሚያስተምሩት፣ የኮታቸው ኮሌታ እስኪገለበጥላቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«መሐመድ፣ ሦስተኛ ጊዜ መገልበጥ አይቻልም?» እያሉ ይከራከሩታል።

«መሪጌታ፣ ኮሌታ ሁለት ፊት ብቻ ነው ያለው።»

«ለሰው ሲሆን ግን ሦስትም አራትም አይተናል።»

ክንዱ በመካከላቸው ገብቶ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ስፋልኝ። የእኅቴ ልጅ ሠርግ ላይ አንድ ጊዜ ወረድ ብዬ ብነሣ ከኋላ ለሁለት ተከፈለ። ሙሽራው እንኳ ያን ያህል አልታየም።»

መሐመድአወል በሁለት ጣቱ ጫፍ ገፋው። «ሰልባጅ ነው። እንደማልነካ ታውቃለህ።»

«ሰልባጅ ነው ያለህ ማነው? ያንተ ነው!»

«አያ ክንዱ፣ ገበያ ደርሶብኛል…»

ክንዱ የግራውን ኪስ ይዞ ገለበጠው።

ሦስት አጫጭር ስፌት። አረንጓዴ። ሦስተኛዋ ወደ ግራ ዘመም ያለች።

መሐመድአወል መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። ኪሱን ወደ ብርሃን አቀረበው። በአውራ ጣቱ ስፌቷን ዳበሳት፤ ክሩ እስኪጨማደድ ተስቧል። ተቆጥታ የሰፋች ቀን እንዲህ ነበር የምትስበው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከቡሬ ነዋ፣ ከወንዳወቅ። ፊቴ ላይ ነው ቦንዳውን የፈታው።»

ወገቡ ውስጥ የተሰፋች ትንሽ ጽሑፍ ነበረች። መሪጌታ ተቀብለው ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩዋት። «ይህ ፊደል ባቢሎን ከተናደች በኋላ የመጣ ነው» አሉ። «አንዲቷን ቃል ግን አውቃታለሁ፤ የዘይት በርሜል ላይም የጤፍ ከረጢት ላይም አይቻታለሁ። ‘ኢትዮጵያ’ ነው የምትል።»

እንግዲህ አስቡት። ይህች ሱሪ ከራጂያ እጅ ወጥታ በመኪና ወደብ ወረደች፣ በመርከብ ባሕር ተሻገረች። ስሙን የማናውቀው አንድ ሰው ከመደብር ገዝቶ ለአንድ ግብዣ ለበሳት፤ ጓደኛው «ይህ እኮ ያምና ነው» አለውና ጣላት። ማሽን ከሌላው ጥልፍልፍ ጋር ጨምቆ ቦንዳ አደረጋት። ያው ባሕር፣ ያው ወደብ፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥታ፣ አባይን ተሻግራ፣ ፍኖተ ሰላምን ሳትቆም አልፋ ቡሬ ላይ ተራገፈች። ከዓለም ሁሉ ገበያ የአያ ክንዱን ወገብ መረጠች። ተቀደደችና ጠረጴዛው ላይ መጣች። ኪሷ ውስጥ ያለችውን ለማድረስ ካልሆነ ለምን ይህን ያህል ትለፋለች?

ክንዱ እጁን አጣምሮ ቆሟል። መሪጌታ አንገታቸውን ወደ ፊት አድርገዋል። ገበያተኛውም «ሰልባጅ ነካ ወይስ አልነካ» ብሎ ከቦታል። መሐመድአወል እጁን አየ፤ እንዲቆረጥ የማለባትን። «አላውቀውም» ቢል መሐላው ይጸናለታል፣ አባቱን ግን ይክዳል። ልጁንም።

«የእኛ ነው» አለ።

ሱሪውን ከመርፌው ሥር አስገባና ፔዳሉን ረገጠ።

«እጅህ አለች?» አለው ክንዱ ሲጨርስ።

«አለች።»

«ምለህ ነበር እኮ።»

«የማልኩት ሰልባጅ እንዳልነካ ነው። ይሄ ሰልባጅ አይደለም፤ አባት አለው።»

«አያትም አለው በል» አሉ መሪጌታ።

ወሬው ከአያ ክንዱ በፊት ጅጋ ገባ። በሳምንቱ ወንዳወቅ ቡሬ ላይ የሱሪዎቹን ግራ ኪስ ሁሉ ገልብጦ መስቀል ጀመረ። «የመሐመድአወል ማኅተም ያለበት! ዕድሜ ልክ በነጻ የሚጠገን!» እያለ ይጮሃል። ከዚያማ የአገሩ ጎረምሳ ሁሉ አረንጓዴ ክር ይገዛ ጀመር። አንዱ ሦስት ስፌት ብሎ አሥራ ሦስት ሰፋ። አንዱ ቀኝ ኪስ ላይ ሰፋና «አገላብጬ ለብሼው ነው» አለ። ከመራዊ ድረስ ጃንጥላ ይዛ የመጣች ሴት ነበረች፤ ጃንጥላው ኪስ ስለሌለው እጀታው ላይ ሰፍታበታለች። የእነዚህ ሁሉ ሦስተኛ ስፌት ወደ ቀኝ ነው የሚያዘም። መሐመድአወል ኪሱን ግማሽ ሳይገለብጥ ያውቀዋል።

ብቻ ሰዎቹን ባዶ እጃቸውን መስደድ ተወ። ለጥቂት ሳንቲም ያጠብላቸዋል፣ ያሳጥርላቸዋል። መቀሱን ሲያስገባ ግን ያጉረመርማል። ጨርቁ ስስ ነው፤ የከሰል ካውያውን ትንሽ ቢያቆይበት እንደ ሰም ይቀልጣል። ትርፍ ጨርቅ የለውም፤ ሰው ይወፍራል ብሎ ያሰበ፣ ይቀደዳል ብሎ ያሰበ የለም። እንዲጠገን ሆኖ አልተሰፋም። «እኔን እንዲህ አድርገህ ስፋ ብትሉኝ አልሰፋም ነበር» ይላል ለራሱ፤ ከዚያ የእሱም ልጅ እንዲህ ያለውን እንደምትሰፋ ትዝ ሲለው ወደ መቀሱ ይመለሳል።

እውነተኞቹ ከክንዱ ግራጫ ጋር በአንድ ዓመት ዘጠኝ መጡ። አንዱ ከደምበጫ፣ ሁለቱ ከጅጋ፣ ሌሎቹ ከዚሁ ከአካባቢው። በመጡ ቁጥር ሥራውን ያቆማል። ኪሱን ይገለብጣል፤ ያነባል። ፊደል ቆጥሮ እንደሚያነብ ሰው ዓይኑ ከስፌት ወደ ስፌት ይሄዳል። አራተኛው ላይ መካከለኛዋን ስፌት እንደ ልጅነቷ በትንሹ አጣጥፋታለች፤ ያን ቀን ቀልዳ ነበር፤ እሱም ብቻውን ሳቀ። ስድስተኛው ላይ የክሩ ቀለም ሌላ ነው፤ ከቤት የወሰደችው አልቆባታል። ሰባተኛው ላይ ክሩ ላላ። ስምንተኛው የባሰ ላላ።

«ደህና አይደለችም» አላት ለዓቢዳ።

«ዓርብ ደህና ነኝ ብላለች እኮ።»

«ክሩ ላልቷል።»

«የራጂያ አባት፣ እስኪለበስ፣ እስኪጣል፣ እስኪመጣ ሁለት ዓመት ያለፈው ክር ነው!»

«እንግዲያው ሁለት ዓመት ደህና አይደለችም።»

ዓቢዳም የሰማችው ነገር ነበር፤ «ደህና ነኝ» ከሚለው በፊት የምትመጣ ትንሽ ትንፋሽ። ሁለቱ ለየብቻቸው የያዙት ነገር ያን ቀን አንድ ላይ መጣ። ዓርብ ሲደርስ ግን ዓቢዳ ስልኩን ያዘች፣ እሱ ፔዳሉን ረገጠ፣ «ደህና ነኝ» ተባለ፣ «ሰላም ብሎሻል» ተባለ። «ነዪ» ለማለት አፉን ይከፍታል፤ «ሂጂ» ያለበት አፍ ነውና እፍረት ይዘጋዋል።

አሥረኛውን ያመጣው ራሱ አያ ክንዱ ነው። ጥቁር ሱሪ። «አሁንስ ወገቤ ሳይሆን የልጅህ እጅ ነው የሚጠራኝ» እያለ ኪሱን ራሱ ገለበጠለት።

ሁለት ስፌት።

መሐመድአወል ጠበቀ፤ ሦስተኛዋ ጨርቁ ውስጥ ተደብቃ የምትወጣ ይመስል። ገልብጦ አየ። ሦስተኛዋ ስፌት የምትሆንበት ቦታ ላይ፣ ወደ ግራ ዘመም ብሎ፣ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ክር የለበትም። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ነጠብጣብ አለች፤ ዝገት ናት እንዳይል፣ ዝገት ምን እንደሚመስል ያውቃል።

«ሱሪህን ተወውና ሂድ» አለው ክንዱን።

«መቼ ልምጣ?»

መሐመድአወል አልሰማውም።

ዓርብ ስልኩ ሲጠራ ዓቢዳ እንደ ልማዷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ተቀመጠች። መሐመድአወል እግሩን ከፔዳሉ አንስቶ ነበር። ራጂያ «ደህና ነኝ፣ አልሐም…» ብላ ጀመረችና ቆመች።

«እማ፣ መኪናው ምነው ዝም አለ?»

ዓቢዳ ባሏን አየችው።

«እማ! አባ ታመዋል እንዴ? ምነው መኪናው ዝም አለ?»

ያን ሁሉ ዓርብ ስትሰማው ኖራለች ማለት ነው። እሱ ጨርቅ በሌለበት ሲረግጥ፣ እሷ እዚያ ሆና አባቷ ዛሬም አለ ትል ነበር። መሐመድአወል እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለ፤ የያዘው እንደ ጋለ ካውያ ነው።

«ሦስተኛዋ የት ሄደች?» አላት።

«አባ? የቷ ሦስተኛ?»

«የጥቁሩ ሱሪ። የግራ ኪስ። ሁለት አድርገሽ ትተሻል።»

«ደረሰ እንዴ?» ድምፅዋ የሕፃን ሆነ። «አባ፣ አገር ቤት ደረሰ እንዴ?»

«ይሄ አሥረኛው ነው።»

«በቀን አንድ ነበር የማደርግ፤ ሱፐርቫይዘሯ ሳታይ። እንዲያው ለራሴ… አባት ሁኚለት ብለውኝ አልነበር? ይደርሳል ብዬ አይደለም። ወላሂ አይደለም። ሰልባጅ ደግሞ አይነኩም…»

«ሰልባጅ አልነካሁም። የእኛን ነው የነካሁ። ሦስተኛዋስ?»

ዓቢዳ የምትሰማትን ያችን ትንሽ ትንፋሽ አሁን እሱም ሰማት።

«ያን ቀን የመኪናው መርፌ ጣቴን በሳው። በጨርቅ አስሬ ልጨርሳት ብዬ ነበር፤ አልያዝልሽ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጣቴ በደንብ አይታጠፍም። ምልክቱንም ተውኩት አባ። ከእንግዲህ ሌላ አይመጣም።»

«የቱ እጅሽ ነው?»

«ግራው።»

መሐመድአወል የሸፈናትን መኪና አየ።

«የቤቱን ደንብ ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«በዪው።»

«ምልክቱ ያለበት ሲቀደድ ይመጣል…»

«ቀጥዪ።»

«ይጠገናል…»

«ቀጥዪ።»

«ዋጋ የለውም።»

«ልብስ ብቻ አይደለም» አላት። «ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ነዪ የምልሽም እኔ ነኝ። ከነጣትሽ ነዪ። ሰልባጁንም እንሰፋለን፣ ጠባቡንም፣ የተቀደደውንም። ሰምተሽኛል?»

«አባ፣ መንገዱ…» አለች፤ ስልኩ ተቋረጠ።

ዓቢዳ ደወለች። ደገመች። ኔትወርኩ ሄዷል። የመጨረሻውን ሰምታው ይሁን፣ «ከነጣትሽ» ላይ ተቆርጦባት ይሁን፣ የሚያውቅ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓርብም ኔትወርክ አልነበረም። በሚከተለውም። መንገዱም በጸጥታው ምክንያት ሳምንት ይከፈታል፣ ሳምንት ይዘጋል።

መሐመድአወል ግን ሥራ ጀመረ። ነጠላውን ከራጂያ መኪና ላይ አነሣ፣ ዘይት ቀባት፣ ቀበቶዋን ቀየረ። ወንበሯን ለግራ እጅ እንዲመች አዙሮ አስቀመጠ። ጥቁሩን ሱሪ ከኋላ ጠገነውና ኪሱን እንደተገለበጠ ምስማሩ ላይ ሰቀለው፤ አረንጓዴ ክር ያለባት መርፌ ከባዶዋ ቀዳዳ አጠገብ ተሰክታበታለች።

«ሱሪዬስ?» አለ ክንዱ ሲመጣ።

«አልተጨረሰም።»

«ይኸው ተሰፍቷል አይደል!»

«ስፌት ይቀረዋል። የምትጨርሰው እሷ ናት።»

«እስከዚያ በቁምጣ ልዙር?»

«በምን ስትዞር ኖረሃል?» ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አዲስ ሱሪ አወጣለት፤ ወፍራም ካኪ፣ ሁለት ጣት ትርፍ ያለው፣ ለአምስተኛ ጥማድ በሬ የሚተርፍ። ክንዱ ለብሶት ወገቡን ዞሮ አየ። ከዚያ «እንግዲህ እኔም በነጻ የምሰጥህ አንድ ነገር አለ» አለው። «ቤቴ መንገድ ዳር ነው። አውቶቡስ ከደምበጫ መጥቶ ጅጋን ባለፈ ቁጥር እደውልልሃለሁ። ኔትወርክ ከሌለ ሮጬም ቢሆን።»

ከዚያ ወዲህ መሐመድአወል ሲሰፋ ጆሮው ሁለት ቦታ ነው። ስልኩ ይጠራል፤ «አለፈ» ይላል ክንዱ። መሐመድአወል ተነሥቶ በረንዳው ጠርዝ ላይ ይቆማል። አውቶቡሱ መናኸሪያ ይገባል፤ ጆንያ ይወርዳል፣ ዶሮ ይወርዳል፣ ተማሪ ይወርዳል። ተመልሶ ይቀመጣል። ዓቢዳ ሻይ ታቀርብለታለች።

ባለፈው ማክሰኞ፣ መንገዱ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ ስልኩ ጠራ። ክንዱ ያለከልካል።

«አለፈ! መሐመድ፣ አለፈ! መስኮት ላይ አንዲት ሴት አየሁ፤ ግራ እጇን በሻሽ ጠቅልላዋለች። እሷ ትሁን አትሁን እንጃ፤ አውቶቡሱ ሮጠብኝ!»

መሐመድአወል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም አግዳሚው ላይ ነበሩ፤ ያ ኮሌታ አሁንም አላለቀላቸውም። ከመናኸሪያው በኩል የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። መሐመድአወል በረንዳው ጠርዝ ድረስ ሄደ፣ ተመለሰ፣ የራጂያን ወንበር በመዳፉ ጠረገ፣ እንደገና ሄደ።

«ምነው ዓይንህ ረጠበ መሐመድ?» አሉት መሪጌታ።

«የካውያው ጭስ ነው» አላቸው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሱሪው እውነት ነው፣ ባሕሩ እውነት ነው፣ ጃንጥላዋ ሳትቀር እውነት ናት። ጭሱን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት። መሪጌታም አልጠየቁ፣ መሐመድአወልም አልመለሰ። ካውያው ውስጥ ያን ቀን አንዲት ፍም አልነበረችም።